ልጁ አሥራ ስድስት ሳይሞላው

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ አዋሽ መልካሳን አልፎ ዴራ ሲደርስ ገና ቆላውን አልለቀቀም። ግራሩ ዝቅ ያለ ነው፤ አቧራው ከሰዓት በኋላ ከነፋሱ ጋር ይነሳል፤ ባጃጆች ከአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ኢተያ ላይ የስንዴው አገር ይጀምራል። አሰላ ሲደርሱ ደግሞ ጭላሎ ከከተማው በላይ ቆሞ ይታያል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያም ወዲያ ከበቆጂ ወጡ። በዚህ መንገድ ላይ ስፖርት ከተነሳ ወሬው ሩጫ ነው።

ዴራ ላይ ያገኘሁት የስፖርት መምህር የጠየቀኝ ግን ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። የቆምነው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጥግ ነበር። ሜዳው ተረግጦ ተረግጦ የጠነከረ አፈር ነው። መሐሉ ላይ የመረብ ኳስ ገመድ ተወጥሯል፤ ከወዲያኛው ጫፍ በብረት ምሰሶ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ሰሌዳና መረብ የሌለው ቀለበት አለ። ከቀለበቱ ሥር ልጆች በአንዲት ኳስ ይሻማሉ። ኳሷ ጠጠር ስትነካ አቅጣጫዋን ትስታለች፤ ስለዚህ እያነጠሩ መሮጥ እዚህ ብዙ አያዋጣም። ልጆቹ ፈጣን ቅብብል የለመዱት ለዚህ ይመስለኛል። አንዴ ኳሷ ወደ እኛ ስታመልጥ "ጋሼ፣ ይወርውሩልን!" አሉኝና ወረወርኩላቸው።

መምህሩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተልኝ። የሚያብረቀርቅ የእንጨት ወለል፣ ወላጆች የሞሉበት መቀመጫ፣ ከጓደኞቹ በቁመት የሚበልጥ ጠይም ልጅ። የእህቱ ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። "አሥራ አምስት ዓመቱ ነው" አለኝ። "ክረምት ላይ አያቱ ጋ ሲመጣ ከእነዚህ ልጆች ጋር እዚሁ ይጫወታል። ለኢትዮጵያ መሰለፍ ይችላል ወይ? እናንተ ጋዜጠኞች ታውቃላችሁ ብዬ ነው።"

የዚህ ጥያቄ መልስ በሁለት ሰነዶች ውስጥ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አንዱ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሚስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ የውስጥ ደንብ ነው። ሌላው በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። የልጁ ዕድል የተንጠለጠለው እሱ በተወለደበት ቀን እናትና አባቱ የየት አገር ዜጋ እንደነበሩና አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ማን ምን ወረቀት እንዳወጣለት ላይ ነው። ችሎታው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ከፊባ ልጀምር። ለአንድ አገር ብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ ተጫዋች የዚያች አገር ሕጋዊ ዜጋ መሆን አለበት፤ ማስረጃውም ፓስፖርት ነው። የአያት አገር፣ የአባት ስም፣ ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ብቻውን አያሰልፍም። እስከዚህ ድረስ ሌሎቹም ስፖርቶች ከሞላ ጎደል እንዲሁ ናቸው። ቅርጫት ኳስን የሚለየው ቀጣዩ ደንብ ነው፤ ዜግነቱን አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ያገኘ ተጫዋች በአንድ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ከአንድ በላይ ሊኖር አይችልም። ከአሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ለእንዲህ ያለው ያለችው ቦታ አንዲት ብቻ ናት። በትውልድ የማግኘት መብት እያለው እስከዚያ ዕድሜ ድረስ ፓስፖርቱን ያልጠየቀ ተጫዋችም በዚህችው ቦታ ሊቆጠር ይችላል። አጠራጣሪ ጉዳይ ሲቀርብለት ፊባ ተጫዋቹ በአገሩ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ በአገሩ ውድድሮች ስንት የውድድር ዘመን እንደተጫወተና ሌላ ምን ትስስር እንዳለው መርምሮ ይወስናል።

ሁለተኛው ድንበር አሥራ ሰባት ዓመት ነው። ከዚህ ዕድሜ በኋላ በፊባ ይፋዊ ውድድር ላይ ለአንድ አገር የተሰለፈ ተጫዋች በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ለሌላ አገር አይጫወትም። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በታዳጊ ቡድን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ መግባቱ ዕድሜ ልኩን ሊያስረው ይችላል።

እነዚህ ደንቦች በታወቁ ሰዎች ላይ ሲሠሩ ታይተዋል። አሜሪካዊው ተጫዋች ጆርዳን ክላርክሰን በእናቱ በኩል የፊሊፒንስ ደም አለው፤ ያቺ አገርም ቅርጫት ኳስን እንደ እምነት የምትከተል ናት። ነገር ግን ፓስፖርቱን ያወጣው አሥራ ስድስት ካለፈው በኋላ ስለነበረ በፊባ ዓይን ያው እንደ ማንኛውም ዜግነት ተቀባይ የውጭ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፊሊፒንስ ከሌሎች አገሮች ጋር የዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ ሌላ አሜሪካዊ፣ ጀስቲን ብራውንሊ፣ በምክር ቤት ሕግ ዜግነት ተሰጥቶት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰለፍ ስላልተቻለ ክላርክሰን ገባ፤ ብራውንሊ ቀረ።

የሴቶቹ ጉዳይ ይብሳል። ኔካ ኦግዉሚኬ ቴክሳስ ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደች፣ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የዓመቱ ኮከብ ተብላ የተሸለመች ተጫዋች ናት። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የአሜሪካ ቡድን ሳይመርጣት ሲቀር ለወላጆቿ አገር ልትጫወት ጠየቀች። ፊባ እሷንና ሌላዋን ተጫዋች ኤልዛቤት ዊሊያምስን "ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ለብዙ ዓመት ቆይታችኋል" በሚል ምክንያት ከለከላቸው። ጉዳዩ እስከ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የተለወጠ ነገር አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጥብቅ ደንብ ለምን አስፈለገ? ዓላማው ሀብታም አገሮች ቡድን እንዳይገዙ መከላከል ነው። ቅርጫት ኳስ በሜዳ ላይ አምስት ሰው ብቻ የሚሰለፍበት ጨዋታ ስለሆነ ከውጭ የመጡ ሦስት ጎበዞች የአንድን አገር ደረጃ በአንድ ክረምት ይለውጣሉ። ያ ቢፈቀድ የዴራው ሜዳ ላይ የሚሻሙት ልጆች ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚወጡበት መሰላል ይሰበራል። እኔ በዚህ ነገር ከፊባ ጋር ነኝ። አንድ ቦታ ይበቃል።

ደንቡ ግን ልጆቿ በስደት የተበተኑባትን አገር አያንቃትም። ምስክሯ ጎረቤታችን ናት።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ለንደን። የፓሪስ ኦሊምፒክ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አሜሪካ ከደቡብ ሱዳን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገች። በአንደኛው ወገን ሌብሮን ጄምስ፣ ስቴፈን ከሪ፣ ካሜሩን ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካም የፈረንሳይም ዜግነት አግኝቶ በመጨረሻ አሜሪካን የመረጠው ጆኤል ኢምቢድ ቆመዋል። በሌላው ወገን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ የወጣች፣ በ2013 መጨረሻ የፊባ አባል የሆነች አገር ልጆች። እረፍት ሲወጡ ደቡብ ሱዳን 58 ለ44 ትመራ ነበር። አዳራሹ በድንጋጤ ተውጦ ነበር። ስምንት ሰከንድ ሲቀር ሌብሮን ወደ ቀለበቱ ጥሶ ገብቶ አስቆጠረ፤ ጨዋታው 101 ለ100 አለቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኦሊምፒኩ ላይ ደቡብ ሱዳን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈች።

ይህን ቡድን የገነባው ሉዎል ዴንግ ነው። ዋው ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ግብፅ፣ ከዚያ ወደ ለንደን የተሰደደ፤ በቺካጎ ቡልስ የገነነ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ለብሪታንያ የተሰለፈ ሰው። መጫወት ካቆመ በኋላ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነና ከኬንያ የስደተኞች ካምፕ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካና ከኡጋንዳ ልጆቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። አብዛኞቹ በትውልድ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። ለአንዲቷ ቦታ የተጠቀሙበት ተጫዋች ሲንሲናቲ የተወለደው ካርሊክ ጆንስ ነው፤ በዚያ የለንደን ምሽት 15 ነጥብ፣ 11 ኳስ ማቀበልና 11 የተመለሰ ኳስ ያስመዘገበው እሱ ነበር። አገሪቱ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ ሜዳ እንኳ አልነበረም። የነበራት ደንቡን ጠንቅቆ ያነበበ ፌዴሬሽንና ልጆቿ ሌላ ፓስፖርት ስለያዙ ዜግነታቸውን የማትነጥቅ ሕግ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የደቡብ ሱዳን የዜግነት ሕግ ጥምር ዜግነትን ይፈቅዳል። ናይጄሪያም በትውልድ ዜጋ ለሆነ ሰው ትፈቅዳለች፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ላስ ቬጋስ ላይ አሜሪካን 90 ለ87 የረታው የናይጄሪያ ቡድን በብዛት እዚያው አሜሪካ ባደጉ ልጆች የተሞላ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ በሩ ሌላ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ያወጣችው በሐምሌ 1922 ዓ.ም.፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ያ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል ይል ነበር። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ የተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996ም በዚህ ነጥብ አልተለወጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። አዋጁ ይህን የሚያስታርቀው በአንድ አስተሳሰብ ነው፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

ይህ ለመምህሩ የእህት ልጅ ምን ማለት ነው? መልሱ የሚወሰነው በቤተሰቡ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ውጭ አገር ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ከሚከተሉት ሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ ራሳቸውን ያገኛሉ።

ልጁ ሲወለድ እናቱ ወይም አባቱ ገና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ወይም በጥገኝነት የሚኖሩ ከነበሩ ልጁ ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። አሜሪካ በምድሯ ስለተወለደ የራሷ ዜጋ ታደርገዋለች፤ የኛ ሕግም ይህን አያፈርስም። እስኪያድግ ድረስ በኢትዮጵያ ሕግ ፊት የሚታየው እንደ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። ችግሩ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ይመጣል። በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት አካለ መጠን ባደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያን መምረጡን ካላሳወቀ የኢትዮጵያን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ልጁ አሥራ ስድስት ሳይሞላው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢያወጣ ፊባ ዘንድ ንጹሕ ነው፤ ከአንዲቷ ቦታ ጋር አይጋፋም። በታዳጊ ቡድን መሰለፍ ይችላል። ዋናው ቡድን ውስጥ ሊገባ በሚደርስበት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ግን የገዛ አገሩ ሕግ ያስወጣዋል።

ልጁ ሲወለድ ሁለቱም ወላጆች የአሜሪካን ዜግነት ምለው ተቀብለው ከነበረ ነገሩ ከመነሻው ይለያል። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገር፣ ክረምቱን ሁሉ ዴራ ያሳልፍ፣ በሕግ አንድም ቀን ኢትዮጵያዊ ሆኖ አያውቅም። የሚቀረው መንገድ እንደማንኛውም የውጭ ሰው ማመልከት ነው፤ አካለ መጠን ማድረስ፣ ቢያንስ አራት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ መኖር፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂ ሕጋዊ ገቢ፣ መልካም ጠባይ፣ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም ሊለቅ እንደሚችል ማሳየት። ለአገር ጥቅም የላቀ አስተዋጽኦ ላደረገ የውጭ ዜጋ አንቀጽ 8 የነዋሪነቱንና የቋንቋውን ግዴታ ያነሳለታል። የቀድሞውን ዜግነት የመልቀቁን ግዴታ ግን አያነሳለትም።

ሦስተኛው ልጅ ዴራ ተወልዶ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ የሄደ ነው። ወላጆቹ ዜግነት ሲያገኙ እሱም በአሜሪካ ሕግ አብሮ አገኘ፤ ምንም አልጠየቀም፣ ምንም አልፈረመም። ያም ሆኖ አዋጁ የአዲሱን ዜግነት መብት መጠቀም ከጀመረ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫውን ካላሳወቀ እንደተወ ይቆጥረዋል። ሊመለስ ቢፈልግ አንቀጽ 22 ይፈቅዳል፤ መኖሪያውን ኢትዮጵያ ካደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ። በአሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ላይ ያለን የሃያ ዓመት ወጣት ደመወዝ ለማይከፍል ብሔራዊ ቡድን ሲል ፓስፖርቱን እንዲጥል መጠየቅ ነው ይህ። እስከ ዛሬ የተወለደበትን ቀዬ የሚወድ ሁሉ ይህን ያደርጋል ብሎ ሕግ መጻፍ አይቻልም።

አንባቢ "ቢጫ ካርዱስ?" ሊል ይችላል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች ብዙ በር ከፍቷል፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መነገድ። በምርጫ ከመሳተፍና በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት ከመቀጠር በቀር ከዜጋ የሚለየው ነገር ጥቂት ነው። ቢጫ ካርድ የሚባለው ይህ መታወቂያ ግን ዜግነት አይሰጥም፤ ፊባ የሚጠይቀው ፓስፖርት ነው። የአንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ልጅ ዴራ ላይ ሆቴል መክፈት ይችላል፤ የኢትዮጵያን ማሊያ መልበስ አይችልም።

አርሲ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን በሩጫው በኩል ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። ዘነበች ቶላ ከአርሲ ወጥታ፣ ስዊዘርላንድ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የባህሬን ዜግነት ወሰደችና ስሟ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሆነ። በ2007 ኦሳካ፣ በ2009 በርሊን በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ለንደን 2012 ላይ ሦስተኛ ብትገባም ከፊቷ የነበሩት ሁለት ቱርካውያን በአበረታች መድኃኒት ስለተሰረዙ ወርቁ ለእሷ ሆነ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምሥራቅ አፍሪካን ሯጮች በዚህ መንገድ ሲሰበስቡ ዓመታት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ዝውውሩን ሙሉ በሙሉ አገደ፤ በቀጣዩ ዓመት ሲከፍተው የሦስት ዓመት ጥበቃ፣ የሃያ ዓመት ዝቅተኛ ዕድሜና በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ገደብ ጨመረበት።

ሌላዋ ሯጭ ሲፋን ሐሰን ከዚህ ንግድ ውጭ ናት፤ አንድ ላይ መጠቀሷ ተገቢ አይደለም። አዳማ ተወልዳ በአርሲ ሙኔሳ ወረዳ፣ ቀርሳ አካባቢ አደገች። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሥራ አምስት ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ ገባች፤ ዜግነት ያገኘችው በ2013 ነው። የሚቀጥለው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ግን አንድ ቀን ለይቼ ላንሳ። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ፓሪስ፣ የኦሊምፒኩ የመጨረሻ ቀን የሴቶች ማራቶን። ማራቶኑ ሊያበቃ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀር ሲፋንና ኢትዮጵያዊቷ ትዕግሥት አሰፋ ጎን ለጎን ናቸው። በመታጠፊያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፤ ሲፋን በውስጠኛው በኩል አለፈች። 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ። ትዕግሥት ከሦስት ሰከንድ በኋላ ገባች። ኢትዮጵያ ያቀረበችው ተቃውሞ ውድቅ ተደረገ። ያን ቀን አሰላ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ለማን እንደሚጮህ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሲፋንን ከሃዲ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልታገሥም፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ብቻዋን የተሰደደችን ልጅ ያሳደገ አገር አሸናፊነቷንም ቢያጭድ ደግ አድርጓል።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን ሲሄዱ ሌላው አገር በሦስትና በአምስት ዓመት ዜጋ ያደርጋቸዋል፤ ልጆቻቸው ሊመለሱ ሲፈልጉ እኛ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው እንዘጋለን። በሩ ወደ ውጭ ብቻ ይከፈታል።

በእግር ኳሱ በኩል ኢትዮጵያ ከዚህ ቀደም ውጭ ያደጉ ልጆችን አሰልፋለች። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2013 እ.ኤ.አ. ቡድን ውስጥ ድሬዳዋ ተወልዶ ለአሜሪካ ታዳጊ ቡድኖች የተጫወተው ፉአድ ኢብራሂምና ከስዊድን የመጣው ዩሱፍ ሳላህ ነበሩ። ከእነሱ ብዙ ቀድሞ፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ ነበር። የኢትዮጵያ ማሊያ የተለያየ መነሻ ያላቸውን ልጆች ሲያቅፍ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ጋምቤላ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኑዌርና አኙዋክ ከድንበሩ በሁለቱም ወገን ይኖራሉ፤ ቁመታቸው ለቅርጫት ኳስ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ የተጠለሉት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ከ400,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ጋምቤላ ውስጥ ናቸው። ካምፕ ውስጥ የተወለደ ልጅ በተወለደበት መሬት ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ ዜግነታችን የሚተላለፈው በወላጅ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በዜግነት ሕጉ መሠረት ማመልከት እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ማመልከት የሚችለው ግን አካለ መጠን ሲያደርስ ነው። ያኔ ደግሞ አሥራ ስድስት አልፎታል፤ በፊባ ዘንድ ከአንዲቷ ቦታ ሌላ የለውም። ዕድሜውን ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ከሲንሲናቲ ከመጣ ሰው ጋር በአንድ ወረፋ ይቆማል። ፊባ የኖረበትን ዓመት መርምሮ ሊራራለት ይችላል፤ የሚራራለት ግን ማስረጃውን አደራጅቶ የሚያቀርብ ፌዴሬሽን ካለ ነው።

የወረቀት ነገር ሲነሳ ሰኔ 2005 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን እዚያው ቦትስዋና ላይ 2 ለ1 አሸነፈች፤ አገር በደስታ ወጣ። በጨዋታው ላይ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ስለነበረበት መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ነው። ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ0 ሰጠ። ቡድኑ ከዚያም ወደ ጥሎ ማለፉ ደርሶ በናይጄሪያ ተሸነፈ፤ ያ ሦስት ነጥብ ግን ሜዳ ላይ የተገኘ፣ ቢሮ ውስጥ የጠፋ ነው። የመሰለፍ መብት ጉዳይ ከልምምድ እኩል ሥራ ነው። ደቡብ ሱዳን ያንን ሥራ ሠርታለች።

የጥምር ዜግነትን ክልከላ የሚደግፉ ሰዎች ክርክር አላቸው፤ የማይናቅ ነው። ሥልጣን፣ ጸጥታ፣ የታማኝነት ጥያቄ፣ የምርጫ ነገር። ይህን ሁሉ ተቀብዬ እንኳ በአንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ላይ ለምን እንደሚፈጸም አይገባኝም። አዋጅ 270 ራሱ መብቶችን ከፋፍሎ መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ምርጫና ጸጥታ ለብቻው ተከልክሎ ሌላው ተፈቅዷል። በዚያው መንገድ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ የተወለደ ልጅ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላም ዜግነቱን እንዲይዝ መፍቀድ፣ የፖለቲካ ሥልጣን ሲፈልግ ብቻ አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። ይህ የስፖርት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ስፖርት ግን ጉድለቱን በግልጽ ያሳያል።

ከውጭ የሚመጣ ልጅ የዴራውን ልጅ ቦታ ይወስዳል የሚል ስጋትም ሰምቻለሁ። የፊባ ደንብ የተሠራው ለዚሁ ስለሆነ ስጋቱ ግማሽ መልስ አለው። ሌላው ግማሽ የኛ ነው። ቀለበቱ መረብ ይፈልጋል፤ ሜዳው ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ መምህሩ ከአንዲት ኳስ በላይ ይፈልጋል። እነዚህ ሳይሟሉ ከሚኒሶታ የመጣም ከዴራ የወጣም ቡድን አይሠራም።

እስከዚያው ድረስ ሕጉ ባለበት ያለ ሥራ አለ። ልጃችሁ ሲወለድ ከእናንተ አንዳችሁ የኢትዮጵያ ዜጋ ከነበራችሁና አሁን አሥራ ስድስት ካልሞላው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የዚያን ጊዜ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ወደ ኤምባሲ ሂዱ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አውጡለት። ይጫወት አይጫወት ኋላ ይወስናል። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ እነዚህን ልጆች በየአገሩ ይመዝግብ፤ አሥራ ሰባት ሞልቷቸው ለሌላ አገር ከመሰለፋቸው በፊት ያናግራቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የአዋጅ 378ን አንቀጽ 20 ከፍቶ ይየው። ለውጡ የሚጠይቀው አንዲት ንዑስ አንቀጽ ነው።